ከግብር ነጻ የሆነ የቁጠባ ሂሳብን ከተናጋ ድርጅት ስለማዛወር፦ የብሪታንያ «አይሳ» ሂሳብ ሕግና ልምድ

አኅጽሮተ ጥናት

በዩናይትድ ኪንግደም «አይሳ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የግለሰብ የቁጠባ ሂሳብ ከወለድ፣ ከትርፍ ድርሻና ከንብረት ዋጋ ዕድገት የሚገኝን ጥቅም ከግብር ነጻ ያደርጋል። ሂሳቡን የያዘው ድርጅት ሲናጋ ግን ቆጣቢው በሁለት ሥጋቶች መካከል ይወድቃል። ገንዘቡን በገዛ እጁ ፈጥኖ ቢያወጣ ለዓመታት ያከማቸውን የግብር ነጻነት ያጣል፤ በሕግ የተደነገገውን የዝውውር ሥርዓት ቢከተል ደግሞ ገንዘቡ ሥጋት ባሳደረበት ድርጅት እጅ ለተጨማሪ ቀናት ወይም ሳምንታት ይቆያል። ይህ ጽሑፍ የዝውውሩን አሠራር፣ የጥበቃውን ወሰንና ከ2007 ወዲህ የታዩ ዋና ዋና ክስተቶችን በመመርመር ትክክለኛው እርምጃ በሦስት ጥያቄዎች ላይ እንደሚመሠረት ያሳያል። ጥያቄዎቹም ችግሩ በድርጅቱ ላይ ነው ወይስ በሂሳቡ ውስጥ ባለው ንብረት ላይ፣ ገንዘቡ ከካሣው ጣሪያ በታች ነው ወይስ በላይ፣ ቆጣቢው የሚያጣውን የግብር ነጻነት መልሶ የመገንባት ዕድል አለው ወይስ የለውም የሚሉት ናቸው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ በሌላ መልኩ ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2007 ማለዳ በኖርዘርን ሮክ ባንክ ቅርንጫፎች ደጃፍ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። ባንኩ ከአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ መጠየቁ በዋዜማው ምሽት በዜና ተሰምቶ ነበር። ብሪታንያ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በባንክ ደጃፍ የተጋፉበትን እንዲህ ያለ ትዕይንት ካየች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ግፊያው የረገበው የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስተር ዳርሊንግ ሴፕቴምበር 17 ቀን መንግሥት ለባንኩ ተቀማጮች ዋስትና እንደሚሰጥ ካስታወቁ በኋላ ነው። ባንኩ በፌብሩዋሪ 2008 ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ።

የተሰለፉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልደነገጡም። በጊዜው የነበረው የካሣ ሥርዓት በሙሉ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው 33,000 ፓውንድ የሚከፍለው 90 በመቶውን ነው። ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ የተፈቀደውን 3,000 ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ አይሳ ያስቀመጠ ሰው በዘጠኝ የግብር ዘመናት፣ ወለዱን ሳይጨምር፣ 27,000 ፓውንድ ያከማቻል። ባንኩ ቢወድቅ ይህ ሰው 24,500 ፓውንድ ካሣ አግኝቶ 2,500 ፓውንድ ሊያጣ ይችል ነበር።

ገንዘቡን በካሽ ወይም በቼክ ያወጣው ቆጣቢ ግን ሌላ ነገር አጥቷል። ሂሳቡን በዘጋ ቅጽበት የዘጠኝ ዓመቱ የግብር ነጻነት አከተመ። በጊዜው በነበረው ዓመታዊ ጣሪያ መሠረት ያንኑ ገንዘብ ወደ ነጻው ሂሳብ ለመመለስ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ያስፈልገው ነበር። ጉዳቱ ጎልቶ በመታየቱ መንግሥት በእነዚያ ቀናት አይሳቸውን ከኖርዘርን ሮክ ያወጡ ቆጣቢዎች ገንዘባቸውን መልሰው በአይሳ ውስጥ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ልዩ ድንጋጌ አወጣ። ድንጋጌው ለአንድ ባንክ ደንበኞችና ለተወሰኑ ቀናት ብቻ የተሰጠ ነበር። መደበኛው ሕግ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ድርጅቶች ላይ ሥጋት ያደረባቸው ቆጣቢዎችም ሊተማመኑ የሚችሉት በመደበኛው ሕግ ላይ ብቻ ነው።

2. የሂሳቡ ሦስት ክፍሎች

አይሳ ኤፕሪል 6 ቀን 1999 ሥራ ላይ ሲውል ከእርሱ በፊት የነበሩ ሁለት ከግብር ነጻ የቁጠባ ዕቅዶችን ተክቷል። ከ2017 የግብር ዘመን ጀምሮ አንድ ሰው በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ ሊያስገባበት ይችላል። ሂሳቡ በተራ አነጋገር እንደ አንድ ነገር ይቆጠር እንጂ በሕግ ዓይን ሦስት የተለያዩ ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው የግብር ነጻነቱ ነው። ይህ ነጻነት የተሰጠው ለገንዘቡ በራሱ አይደለም፤ ገንዘቡ በአገሪቱ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ዕውቅና በተሰጠው ሂሳብ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። ሁለተኛው አስተዳዳሪ ድርጅቱ ነው፤ ባንክ፣ የቤት ግንባታ ቁጠባ ማኅበር፣ የአክሲዮን ደላላ ወይም ሌላ ፈቃድ ያለው ተቋም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በሂሳቡ ውስጥ ያለው ንብረት ነው፤ ይኸውም ተቀማጭ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ድርሻ ወይም ለተበዳሪዎች የተሰጠ ብድር ነው።

ድርጅቱ ሲናጋ በንብረቱ ላይ የሚደርሰው ውጤት እንደ ንብረቱ ዓይነት ይለያያል። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በሕግ የባንኩ ዕዳ ነው፤ ቆጣቢው ባለ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የባንኩ አበዳሪ ይሆናል። ስለዚህ ባንኩ ሲወድቅ ቆጣቢውም አብሮ ይጎዳል። አክሲዮን ግን በደላላው እጅ ቢሆንም ንብረትነቱ የደንበኛው ነው። በቁጥጥር ሕጉ መሠረት ደላላው የደንበኞችን አክሲዮን ከራሱ ንብረት ለይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ ዓላማ ብቻ በተቋቋመ ኩባንያ ስም፣ መያዝ አለበት። የደንበኞች ጥሬ ገንዘብም በተለየ የአደራ ሂሳብ መቀመጥ ይኖርበታል። ደላላው ቢከስር አበዳሪዎቹ በዚህ ንብረት ላይ መብት የላቸውም። ችግር የሚፈጠረው መዝገቡ ሲዛባ፣ ንብረቱ ሲጎድል ወይም ንብረቱን ለይቶ የመመለሱ ሥራ ወጪ ሲያስከትል ነው።

3. የዝውውሩ ሥርዓት

የዝውውሩ መሠረታዊ ደንብ ቀላል ነው። ቆጣቢው ገንዘቡን አያወጣም፤ ወደ አዲሱ ድርጅት ሄዶ የዝውውር ቅጽ ይሞላል። አዲሱ ድርጅት የቀድሞውን ድርጅት ጠይቆ ገንዘቡን ወይም ንብረቱን ከነታሪኩ ይረከባል። ታሪኩ ማለት በያዝነው የግብር ዘመን ምን ያህል እንደገባና ካለፉት ዓመታት የተሻገረው ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው መረጃ ነው። ገንዘቡ በቆጣቢው እጅ ስለማያልፍ የግብር ነጻነቱ አይቋረጥም፤ የተዛወረውም መጠን በዓመቱ ጣሪያ ላይ አይቆጠርም። ከአንድ ጥሬ ገንዘብ አይሳ ወደ ሌላ ጥሬ ገንዘብ አይሳ የሚደረግ ዝውውር በ15 የሥራ ቀናት፣ ሌሎች ዝውውሮች በ30 የቀን መቁጠሪያ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ከዚህ ቢዘገዩ ቆጣቢው መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ቀጥሎም ለፋይናንስ አገልግሎት እንባ ጠባቂው አቤት ማለት ይችላል።

አክሲዮንና የፈንድ ድርሻ በሁለት መንገድ ይዛወራሉ። አንደኛው ንብረቱ ሳይሸጥ እንዳለ ከስም ወደ ስም የሚሻገርበት ነው። ሁለተኛው ንብረቱ በአይሳው ውስጥ ተሸጦ ገንዘቡ የሚዛወርበት ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል፤ ሆኖም ገንዘቡ በመንገድ ላይ ባለበት ጊዜ ገበያው ቢያድግ ዕድገቱ ለቆጣቢው አይደርሰውም። የመጀመሪያው ቆጣቢውን በገበያው ውስጥ ያቆየዋል፤ ነገር ግን አዲሱ ድርጅት ያንኑ ንብረት የሚይዝ መሆን አለበት።

ቆጣቢው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ገደቦች አሉ። የቀድሞው ድርጅት ዝውውርን የመፍቀድ ግዴታ ሲኖርበት፣ ሌላ ድርጅት ግን ከውጭ የሚመጣን ሂሳብ የመቀበል ግዴታ የለበትም። በተወሰነ ጊዜ የታሰረ ተቀማጭ ያለ ጊዜው ሲዛወር የወለድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ለመጀመሪያ ቤት ግዢና ለጡረታ የታሰበው የዕድሜ ልክ አይሳ ባለቤቱ 60 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ዓይነት አይሳ ቢዛወር የ25 በመቶ ቅጣት ይከፈልበታል። ከኤፕሪል 2024 በፊት በያዝነው ዓመት የገባው ገንዘብ የሚዛወረው ሙሉ በሙሉ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፊሉን ማዛወር ተፈቅዷል። ካለፉት ዓመታት የተሻገረው ግን ቀድሞም በከፊል ሊዛወር ይችል ነበር።

«ተለዋዋጭ» የሚባለው የአይሳ ዓይነት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ተስፋ ይፈጥራል። ከ2016 ጀምሮ የተፈቀደው ይህ ሂሳብ ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶ በዚያው የግብር ዘመን እንዲመልስ ያስችለዋል፤ የመለሰውም በጣሪያው ላይ አይቆጠርበትም። ስለዚህ አንዳንድ ቆጣቢ «ለጊዜው አውጥቼ ነገሩ ሲረጋጋ ሌላ ቦታ አስገባዋለሁ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ካለፉት ዓመታት የተሻገረው ገንዘብ መመለስ ያለበት ወደ ወጣበት ሂሳብ ነው። ነጻነቱን ለማዳን የግብር ዘመኑ ከማለቁ በፊት ገንዘቡን ወደሚሸሸው ድርጅት መመለስና ከዚያ በቅጽ ማዛወር ይኖርበታል። ድርጅቱ በመካከሉ ቢዘጋ ይህ መንገድም ይዘጋል።

4. ሦስቱ የችግር ደረጃዎች

ድርጅት በአንድ ቀን አይወድቅም፤ ቢያንስ ለቆጣቢው የሚታየው ሂደት ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ በየደረጃውም ያለው ምርጫ ይለያያል።

በመጀመሪያው ደረጃ ዜና ይወጣል፣ የአክሲዮን ዋጋ ይወርዳል፣ የሂሳብ ሪፖርት ይዘገያል፤ ድርጅቱ ግን ሥራውን ይቀጥላል። የዝውውር መብቱ ሙሉ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የድርጅቱ የዝውውር ክፍል በጥያቄ ሊጨናነቅ ቢችልም ሕጋዊ ግዴታው አይላላም።

በሁለተኛው ደረጃ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ወይም ፍርድ ቤት ጣልቃ ይገባል። የደላላ ድርጅት ከሆነ የደንበኞች ንብረት እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል፤ በሂደት ላይ ያሉ ዝውውሮችም ይቆማሉ። ስለዚህ ቅጹን መሙላት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ንብረቱ በቀድሞው ድርጅት እጅ ነው። በዚህ ደረጃ የሚሠራው ሕግ በ2011 የወጣው የኢንቨስትመንት ባንኮች ልዩ አስተዳደር ደንብ ነው። ደንቡ የወጣው በሴፕቴምበር 2008 የሌማን ብራዘርስ የለንደን ቅርንጫፍ ሲወድቅ የደንበኞች ንብረት ለረጅም ጊዜ ተይዞ በመቆየቱ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚሾመው የኪሳራ ባለአደራ ከሚጣሉበት ግዴታዎች አንዱ የደንበኞችን ንብረት በተቻለ ፍጥነት መመለስ ነው።

ቦፎርት ሴኩሪቲስ የተባለው የለንደን ደላላ በማርች 1 ቀን 2018 በልዩ አስተዳደር ሥር ሲወድቅ ሥርዓቱ በሰፊው ተፈተነ። የደንበኞች አክሲዮን ተለይቶ ተይዞ ነበር። ቁጣ የቀሰቀሰው ንብረቱን ለይቶ የመመለሱ ወጪ ከዚያው ከደንበኞች ንብረት ላይ እንደሚቀነስ መታወቁ ነው። ምንም ያልጎደለበት ባለ አክሲዮን የራሱን ንብረት ለማስመለስ እንዲከፍል ተጠየቀ። ለአብዛኞቹ ደንበኞች ይህን ወጪ የሸፈነው የፋይናንስ አገልግሎቶች የካሣ ሥርዓት ነው፤ በጊዜው የኢንቨስትመንት ካሣ ጣሪያ 50,000 ፓውንድ ነበር። አብዛኛው የደንበኞች ንብረትም ዘ ሼር ሴንተር ወደተባለ ሌላ ደላላ በጅምላ ተዛወረ። በኦገስት 2019 ኤስቪኤስ ሴኩሪቲስ ሲዘጋም ደንበኞቹ እስከ ቀጣዩ ዓመት ጠብቀው አይቲአይ ካፒታል ወደተባለ ድርጅት ተሻግረዋል። በሁለቱም ጊዜ በቆጣቢው የግል ጥያቄ ይደረግ የነበረው ዝውውር ቀርቶ ባለአደራው በመረጠው ድርጅትና በወሰነው ጊዜ የሚፈጸም የጅምላ ዝውውር ተተካ።

ሦስተኛው ደረጃ ውድቀቱ ሲረጋገጥ የሚመጣው የካሣ ጊዜ ነው። ባንክ ሲወድቅ የካሣ ሥርዓቱ ተቀማጩን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመክፈል ያቅዳል። አንዳንድ ጊዜ ካሣ መክፈልም ሳያስፈልግ ሂሳቡ ራሱ ለሌላ ባንክ ይተላለፋል፤ በኦክቶበር 2008 የአይስላንድ ባንኮች ሲንኮታኮቱ የካፕቲንግ ኤጅና የሄሪቴብል ባንክ የብሪታንያ ተቀማጮች በመንግሥት ትእዛዝ ወደ አይኤንጂ ዳይሬክት ተዛውረዋል። ከ2008 ቀውስ ወዲህ የአይሳ ደንብ ከወደቀ ሂሳብ የተገኘ ካሣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ አዲስ አይሳ እንዲገባና በዓመቱ ጣሪያ ላይ እንዳይቆጠር ይፈቅዳል። ይህ ድንጋጌ አስገራሚ ውጤት አለው። ድርጅቱ እስኪወድቅ የጠበቀው ቆጣቢ፣ ገንዘቡ ከካሣው ጣሪያ በታች ከሆነ፣ የግብር ነጻነቱን ሳያጣ ሊወጣ ይችላል። ውድቀቱን ፈርቶ በዋዜማው ገንዘቡን ያወጣው ግን ነጻነቱን ያጣል።

5. የወጪና የሥጋት ስሌት

ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የተቀማጭ ካሣ ጣሪያ ከ85,000 ወደ 120,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ለኢንቨስትመንት ያለው ጣሪያ 85,000 ፓውንድ እንደሆነ ነው። ጣሪያው የሚሠራው ለአንድ ሰው በአንድ ፈቃድ ባለው ባንክ ነው፤ ለአይሳ የተለየ ጣሪያ የለም። በተለያየ የንግድ ስም የሚሠሩ ነገር ግን አንድ የባንክ ፈቃድ የሚጋሩ ተቋማት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ፈቃድ ስለሚጋሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረግ ዝውውር የካሣ ሽፋኑን አያሰፋም።

የማውጣትን ዋጋ በምሳሌ ማስላት ይቻላል። አንድ ቆጣቢ በጥሬ ገንዘብ አይሳ 60,000 ፓውንድ አለው፤ ወለዱ በዓመት 4 በመቶ ነው እንበል። ቆጣቢው 40 በመቶ የገቢ ግብር በሚከፈልበት እርከን ላይ ሲሆን ከአይሳ ውጭ በዓመት 500 ፓውንድ ወለድ ያለ ግብር ማግኘት ይችላል። የግብር ዘመኑ ሲጀምር ገንዘቡን በሙሉ አውጥቶ 20,000 ፓውንዱን ወዲያው በአዲስ አይሳ ቢያስገባ 40,000 ፓውንድ ከውጭ ይቀራል። የዓመቱ ወለድ 1,600 ፓውንድ ነው፤ 500ው ተቀንሶ በ1,100 ፓውንድ ላይ 440 ፓውንድ ግብር ይከፈላል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ 20,000 ሲገባ በቀረው ገንዘብ ወለድ ላይ የሚከፈለው 120 ፓውንድ ነው። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ገንዘቡ በሙሉ ወደ ነጻው ሂሳብ ይመለሳል። አጠቃላይ ወጪው 560 ፓውንድ ይሆናል። 1,000 ፓውንድ ነጻ ወለድ ለሚፈቀድለትና 20 በመቶ ግብር ለሚከፍል ቆጣቢ ተመሳሳዩ ወጪ 120 ፓውንድ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ቆጣቢው የየዓመቱን ጣሪያ ለሌላ አዲስ ቁጠባ የማይፈልገው ከሆነ ነው። በየዓመቱ 20,000 ፓውንዱን አሟጥጦ የሚጠቀም ሰው የወጣውን 60,000 የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ በ40 በመቶው እርከን ላይ ከሆነ በየዓመቱ 760 ፓውንድ ግብር ያለማቋረጥ ይከፍላል። በኖቬምበር 2025 በቀረበው በጀት እንደተገለጸው ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የጥሬ ገንዘብ አይሳ ዓመታዊ ጣሪያ 12,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ያንኑ 60,000 በጥሬ ገንዘብ አይሳ መልሶ ለመገንባት ሦስት ሳይሆን አምስት የግብር ዘመናት ያስፈልጋሉ። ከነጻው ሂሳብ የወጣ ገንዘብ ዋጋ ጣሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር ይንራል።

በሌላ በኩል የመቆየት ሥጋትም ይሰላል። ገንዘቡ ከ120,000 ፓውንድ በታች ከሆነ በባንኩ መውደቅ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት በዋነኝነት የቀናት መጉላላት ነው። 150,000 ፓውንድ ላለው ግን 30,000 ፓውንዱ ያለ ሽፋን ነው። የመውደቁ ዕድል 2 በመቶ፣ ከኪሳራው ሂደት የሚመለሰው ግማሹ ነው ብለን ብንገምት አማካይ ጉዳቱ 300 ፓውንድ ነው። አማካዩ ግን ሁሉንም አይናገርም፤ ዕድሉ ቢፈጸም የሚጠፋው 15,000 ፓውንድ ነውና። ለእንዲህ ያለው ቆጣቢ ተገቢው መንገድ ሂሳቡን ዘግቶ መውጣት አይደለም፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ክፍል በከፊል ዝውውር ወደ ሌላ ባንክ ማሻገር ነው። ይህን ለማድረግ ዜና መጠበቅም አያስፈልግም።

6. ዝውውር የማይፈታቸው ችግሮች

እስካሁን የታየው ችግሩ በአስተዳዳሪው ላይ ሲሆን ነው። ችግሩ በንብረቱ ላይ ሲሆን ግን ሂሳብ ማዛወር ብዙ አይረዳም። በጁን 3 ቀን 2019 የውድፎርድ ኢኩዊቲ ኢንካም ፈንድ መሸጥና መግዛት ሲታገድ ብዙዎች የፈንዱን ድርሻ በአይሳ ውስጥ ይዘውት ነበር። ሂሳባቸውን የያዙት ድርጅቶች ጤናማ ነበሩ። የታገደን ድርሻ መሸጥ ስለማይቻል በገንዘብ መልክ ማዛወር አይቻልም፤ ድርሻውን እንዳለ ማሻገር ቢቻልም እገዳው አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ የከፋው የለንደን ካፒታል ኤንድ ፋይናንስ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ ለግለሰቦች ቦንድ እየሸጠ፣ ከ2017 ጀምሮም ቦንዱን በአይሳ ስም ያቀርብ ነበር። በዲሴምበር 2018 የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ አስቆመው፤ ቦንዱ በአይሳ ውስጥ ለመያዝ ብቁ አልነበረም። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ድርጅቱ በኪሳራ ባለአደራ እጅ ወደቀ፤ ወደ 11,600 የሚጠጉ ሰዎች 237 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገብተውበት ነበር። በውሉ መሠረት ቦንዱ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ የማይችል ነበር። ስለዚህ ቆጣቢዎቹ አስቀድመው ቢጠረጥሩ እንኳ ቦንዱን ይዘው ወደ ሌላ ድርጅት መሻገር አይችሉም ነበር። ለአብዛኞቹ መደበኛው ካሣ ስላልደረሳቸው መንግሥት በ2021 በልዩ ሕግ ከዋናው ገንዘብ 80 በመቶውን፣ ቢበዛ 68,000 ፓውንድ፣ ከፈለ። ጉዳዩ ለተመራማሪም ለቆጣቢም የሚያስተምረው «አይሳ» የሚለው ስም የግብር አያያዝን እንጂ የንብረቱን ደኅንነት እንደማይመሰክር ነው። አንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ድርጅት ሊዛወር መቻሉን አስቀድሞ መጠየቅ ከደኅንነት ምልክቶች አንዱን መፈተሽ ነው።

7. በውጭ አገር ለሚኖር ቆጣቢ

በብሪታንያ ኖረው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱ ወይም ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ አላቸው። የብሪታንያ ነዋሪነቱ ያበቃ ሰው አይሳውን ይዞ መቆየት ይችላል፤ በብሪታንያ በኩል ያለው የግብር ነጻነትም ይቀጥልለታል። ከሄደበት የግብር ዘመን በኋላ ግን፣ ተመልሶ ነዋሪ ካልሆነ በቀር፣ አዲስ ገንዘብ ማስገባት አይችልም። ሂሳቡን ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ የማዛወር መብቱ አይነካም። በቀደመው ክፍል የቀረበው ስሌት ለእርሱ አይሠራም፤ ያወጣውን ገንዘብ በሦስት ወይም በአምስት ዓመት የሚመልስበት ጣሪያ የለውምና። አዲስ አበባ ሆኖ ስለ አንድ የለንደን ድርጅት መጥፎ ዜና የሰማ ሰው ገንዘቡን ወደ ተራ ሂሳብ ቢያወጣ ጉዳቱ የማይመለስ ነው። በዚያ ላይ በውጭ የሚኖርን ደንበኛ የሚቀበል አዲስ ድርጅት ማግኘት ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ፍለጋው ከችግሩ በፊት መጀመር አለበት።

በኢትዮጵያ ራሷም ጥያቄው ቅርብ እየሆነ ነው። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ሽፋን ይሰጣል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረትም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን በደላላ በኩል የሚይዙ ሰዎች ሲበዙ ደላላው ሲወድቅ ንብረቱ እንዴት ይለያል፣ የመመለሱን ወጪ ማን ይሸፍናል፣ በምን ያህል ጊዜስ ወደ ሌላ ደላላ ይሻገራል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ። የቦፎርት ደንበኞች ልምድ ንብረትን ለይቶ መያዝ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያል።

8. መደምደሚያ

ከግብር ነጻ የሆነ ሂሳብ የያዘ ሰው ድርጅቱ ሲናጋ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ማውጣት ሊሆን አይገባም። አስቀድሞ ችግሩ የድርጅቱ ነው ወይስ የንብረቱ የሚለውን ይለያል። የንብረቱ ከሆነ ዝውውር መፍትሔ አይሆንም። የድርጅቱ ከሆነና ገንዘቡ ከካሣው ጣሪያ በታች ያለ ተቀማጭ ከሆነ በቅጽ ማዛወር በቂ ነው፤ ዝውውሩ ሳይጠናቀቅ ድርጅቱ ቢወድቅም ካሣውና ካሣውን ወደ አዲስ አይሳ የመመለሱ መብት ይጠብቁታል። ከጣሪያው በላይ ከሆነ ትርፉን በከፊል ዝውውር ያሻግራል። ማውጣት ትርጉም የሚኖረው ሽፋን የሌለው ገንዘብ በእርግጥ አደጋ ላይ ወድቆ ዝውውሩን ለመጠበቅ ጊዜ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚከፈለው የግብር ዋጋ ተሰልቶ ሊታወቅ ይችላል።

ለፖሊሲ አውጪዎች የሚቀረው ጥያቄ በ2007 በአንድ ባንክ ጉዳይ የተሰጠው ምሕረት ለምን ቋሚ ሕግ አልሆነም የሚለው ነው። አሁን ባለው ደንብ ውድቀትን የጠበቀ ቆጣቢ ነጻነቱን ሲያድን ውድቀትን የፈራ ቆጣቢ ይቀጣል። ይህ አስቀማጮች በአንድ ጊዜ ወደ ባንክ ደጃፍ እንዳይጎርፉ በማገዝ ለፋይናንስ መረጋጋት ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም የቅጣቱ ጫና የሚያርፈው ደንቡን በማያውቀው ቆጣቢ ላይ ነው። ደንቡን የሚያውቀውማ ቅጹን ሞልቶ ይጠብቃል።